ያለ መሣሪያ በጦርነት ሰማይ፤ የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን የሕይወት ታሪክ

ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣ መንገደኛ ዛሬ በአንድ ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ይደርሳል። በ1928 ዓ.ም. ግን ይህ መንገድ በበቅሎና በእግር ሳምንታትን ይጠይቅ ነበር። በዚያ ዓመት የኢጣሊያ ፋሺስት መንግሥት አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ ከበጌምድርና ከስሜን የዘመተው የደጃዝማች አያሌው ብሩ ሠራዊት ከራስ እምሩ ሠራዊት ጋር ሆኖ ተከዜን ተሻገረ፤ ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. በደምበጊና የጠላትን ታንኮች ሰባብሮ ድል አደረገ። ይሁን እንጂ ሠራዊቱ የት እንዳለ፣ ምን እንደ ጎደለው፣ ጠላትም በየት በኩል እንደ መጣበት ለማዕከሉ ፈጥኖ የሚነግር በቂ የስልክና የሬዲዮ መገናኛ አልነበረም። አንዱ ግንባር የሌላውን ሁኔታ ሳያውቅ ይዋጋ ነበር።

ይህን ክፍተት በክንፍ ለመሙላት ከደከሙት ጥቂት ሰዎች መካከል አንዱ ከአሜሪካ የመጡ ጥቁር አብራሪ ነበሩ። ስማቸው ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን ነው። የአገራቸው ጋዜጦች በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ላይ በሚያንዣብበው ታላቅ አሞራ ስም ቡናማው ኮንዶር ይሏቸው ነበር። በኢትዮጵያ አየር ኃይል አዛዥነት በጦርነቱ ሰማይ ላይ ለወራት የበረሩት፣ የሚተኩስ መሣሪያ በሌለው አውሮፕላን ነበር። ታሪካቸው ለወጣቶቻችንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራኖቻችን የሚጠቅም ትምህርት ስላለው በዚህ እትም ባጭሩ እናቀርበዋለን።

ትውልድና ትምህርት

ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1903 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ካራቤል በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱ፣ እናታቸው ልጆቻቸውን ይዘው በሚሲሲፒ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ገልፍፖርት ሄዱ፤ ሮቢንሰንም ያደጉት በዚያ ነው። በዚያን ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሕጉ ራሱ ጥቁርን ከነጭ ይለይ ነበር። ጥቁር ልጅ የሚማርበት ትምህርት ቤት፣ የሚሳፈርበት የባቡር ክፍል፣ ውኃ የሚጠጣበት ቧንቧ ሳይቀር የተለየ ነበር። ሮቢንሰን በልጅነታቸው አውሮፕላን ሲበር አይተው ልባቸው በዚያው ቀረ። ዳሩ ግን በዚያ አገርና በዚያ ዘመን ጥቁር ሕፃን አብራሪ እሆናለሁ ቢል የሚሰማው አልነበረም።

ወላጆቻቸው በድካማቸው ባጠራቀሙት ገንዘብ ወደ አላባማ ግዛት ላኳቸው። በዚያም ቡከር ዋሽንግተን ለጥቁሮች ትምህርት በመሠረቱት በተስኪጊ ተቋም የመኪና ጥገና ሙያ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1924 ጨረሱ። ከዚያ በኋላ ወደ ሰሜን ሄደው በመካኒክነት እየሠሩ በመጨረሻ ቺካጎ ከተማ ተቀመጡ።

በቺካጎ ታዋቂ የበረራ ትምህርት ቤት ነበር፤ የጥቁሮችን ማመልከቻ ግን አይቀበልም ነበር። ሮቢንሰን በዚህ ተስፋ ቆርጠው አልተመለሱም። በዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጠሩ። መጥረጊያቸውን ይዘው በትምህርት ክፍሉ ጥግ ቆመው መምህሩ የሚያስረዳውን ያዳምጡ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ይገለብጡ ነበር። ከዚያም የተማሩትን ይዘው ከወዳጃቸው ከኮርኔሊየስ ኮፊና ከሌሎች ጋር ሆነው ያጠኑ ነበር። ትጋታቸውን ያየው ትምህርት ቤት በመጨረሻ በሩን ከፈተላቸው፤ ሮቢንሰንና ኮፊም እ.ኤ.አ. በ1931 ትምህርታቸውን ፈጸሙ። ሮቢንሰን ከዚያ በኋላ በዚያው ቤት ሌሎች ጥቁር ተማሪዎችን አስተማሩ።

የአውሮፕላን ማረፊያዎች ጥቁር አብራሪዎችን ስላልተቀበሏቸው፣ ሮቢንሰንና ጓደኞቻቸው ማኅበር አቋቁመው ሮቢንስ በምትባል በቺካጎ አጠገብ በምትገኝ የጥቁሮች መንደር መሬቱን በገዛ እጃቸው ደልድለው ማረፊያ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1934 ደግሞ ወደ ተስኪጊ በአውሮፕላን ተመልሰው፣ ተቋሙ ለጥቁሮች የበረራ ትምህርት እንዲጀምር መከሩ። ምክራቸው ወዲያው ባይፈጸምም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፍሬ አፈራ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስማቸው የገነነው ጥቁር አሜሪካውያን ተዋጊ አብራሪዎች የሠለጠኑት በተስኪጊ ነው።

የኢትዮጵያ ጥሪ

በዚያን ጊዜ ዶክተር መላኩ በያን በአሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠኑ ነበር። ጦርነት እንደማይቀር የተረዱት ዶክተር መላኩ፣ ለአገራቸው የሚረዱ ባለ ሙያዎችን ከጥቁር አሜሪካውያን መካከል ይፈልጉ ጀመር። በጥቁሮች የዜና ድርጅት አማካይነት ስለ ሮቢንሰን ሰሙ፤ የንጉሠ ነገሥቱም መንግሥት ጋበዛቸው። ሮቢንሰን ቺካጎ ላይ ያቋቋሙት ሥራ ነበራቸው። የሚሄዱበትን አገር አያውቁም፤ ቋንቋውንም አልተማሩም። እንዲያም ሆኖ ግብዣውን ተቀብለው በግንቦት ወር 1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ።

ያገኙት አየር ኃይል ገና በእግሩ ያልቆመ ነበር። የመጀመሪያው አውሮፕላን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ1921 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ በ1923 ዓ.ም. መግቢያ ገደማ ለብቻቸው ለመብረር በቅተው ነበር። በ1927 ዓ.ም. የነበሩት አውሮፕላኖች ከሁለት ደርዘን አይበልጡም፤ ከነዚያም ብዙዎቹ ያረጁ፣ መለዋወጫ ያጡና መሬት የያዙ ነበሩ። ኢጣሊያ በአንጻሩ በመቶ የሚቆጠሩ ቦምብ ጣዮችንና ተዋጊ አውሮፕላኖችን በኤርትራና በሶማሊያ አሰልፋ ነበር። የእኛዎቹ ፖቴዞች፣ ፎከሮችና ዩንከርሶች መልእክትና ሰው ከማጓጓዝ በቀር ለአየር ውጊያ የሚሆኑ አልነበሩም።

ንጉሠ ነገሥቱ ለሮቢንሰን የኮሎኔልነት ማዕረግ ሰጥተው በ1927 ዓ.ም. ክረምት ይህን አየር ኃይል እንዲመሩ ሾሟቸው። ኮሎኔሉም በመጀመሪያ ያሉትን አውሮፕላኖች መጠገን፣ ወጣቶቹን ማሠልጠን ያዙ። በቺካጎ በጋራጅ የደከሙበት ሙያ እዚህ ጠቀማቸው። መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ የማይቻል ነበርና፣ አንዱ አውሮፕላን እንዲበር የሌላው አካል ይፈታለት ነበር።

በጦርነቱ ሰማይ ላይ

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። በዚያው ዕለት የጠላት አውሮፕላኖች አድዋን በቦምብ ደበደቡ። ኮሎኔል ሮቢንሰን መልእክት አድርሰው ገና በከተማው ነበሩ። መከላከያ በሌላት ከተማ ላይ ቦምብ ሲወርድ፣ ሴቶችና ሕፃናት መጠጊያ ፍለጋ ሲሯሯጡ በዓይናቸው አዩ። ያዩትንም ለአገራቸው ጋዜጦች ጽፈው ላኩ። የአድዋን ድል በኩራት ሲያነሡ የኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን፣ በዚያች ከተማ ላይ የደረሰውን ከአንድ ወገናቸው ብዕር አነበቡ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራቸው ዕረፍት የሌለው ሆነ። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ግንባር መልእክት ያደርሳሉ፤ የጠላትን እንቅስቃሴ ይቃኛሉ፤ መድኃኒትና ስንቅ ይጭናሉ፤ መኳንንትና መልእክተኞችን ያመላልሳሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ሰፈራቸውን ወደ ደሴ ካዛወሩ በኋላ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ራሷ ተደበደበች፤ የሕክምና ቦታዎችም ከጉዳቱ አላመለጡም። እንዲህ ባለው ጊዜ በአየር ላይ የሚገኝ አውሮፕላን ሁሉ የሞት ዒላማ ነበር።

ይህ በረራ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ለመረዳት የሰሜኑን ምድር ማሰብ ይበቃል። የእኛ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ከሁለት ሺህ እስከ ሦስት ሺህ ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ የስሜን ተራሮች ደግሞ ከአራት ሺህ አምስት መቶ ሜትር ያልፋሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ የአውሮፕላኑ ሞተር ኃይሉ ይደክማል፤ ክንፉም የሚሸከመው ያንሰዋል። ለመነሣት ረጅም ሜዳ ያስፈልጋል፤ ሜዳው ግን የከብት ግጦሽ ወይም የእርሻ ማሳ ነው። የአየር ጠባይ የሚነግር ጣቢያ የለም፤ ካርታውም ያልተሟላ ነው። አብራሪው ወንዝ እየተከተለ፣ አምባ እየለየ መሄድ አለበት። የጠላት ተዋጊ አውሮፕላን ሲመጣበትም የሚመልሰው ጥይት ስለሌለው፣ ያለው መከላከያ ዝቅ ብሎ ወደ ገደል መግባት ወይም በደመና መሸሸግ ብቻ ነው። ኮሎኔል ሮቢንሰን በዚህ ብልሃት ብዙ ጊዜ አመለጡ። አውሮፕላናቸው በጥይት የተበሳሳበት ጊዜም ነበር፤ እርሳቸውም ቆሰሉ፤ የመርዝ ጋዙም ነካቸው።

የመርዙን ነገር የጎንደር ሰው ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. ተከዜ ዳር የነበረው የራስ እምሩ ሠራዊት ከአውሮፕላን በወረደ የመርዝ ጋዝ ተቃጥሏል። በጦር ሜዳ ፊት ለፊት ያልተበገረው ወገን፣ ከላይ የሚወርደውን መመለሻ አልነበረውም። የሰማዩ የበላይነት የጦርነቱን ዕድል የወሰነ መሆኑን ኮሎኔሉ ከማንም ቀድመው ተረድተው ነበር። በእጃቸው ያለው ግን መልእክት ማድረስ ነበርና እርሱን አላቋረጡም።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ተደረገ። በማግሥቱ፣ መጋቢት 23 ቀን፣ በመኪና የተጫነው የስታራቼ ጦር ጎንደር ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ከሦስት ቀን በኋላም ዋና ከተማው በጠላት እጅ ወደቀ። ኮሎኔል ሮቢንሰን ከውድቀቱ በፊት በጅቡቲ በኩል ወጥተው በግንቦት ወር ኒውዮርክ ደረሱ። በቺካጎ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በአደባባይ ወጥቶ ተቀበላቸው። ጦርነቱ ተሸንፎ ሳለ የተቀበላቸው ይህ ሕዝብ፣ ያከበረው የሄዱበትን ምክንያትና የታመኑለትን ቃል ነበር።

ጦርነቱ በጎንደር ሲያበቃ

ኮሎኔል ሮቢንሰን በአሜሪካ በስማቸው የበረራ ትምህርት ቤት ከፍተው ወጣቶችን ሲያሠለጥኑ፣ በኋላም ለአሜሪካ ጦር መካኒኮችን ሲያስተምሩ፣ በኢትዮጵያ የነጻነቱ ትግል ቀጥሎ ነበር። የምሥራቅ አፍሪቃው ጦርነት የመጨረሻ ምዕራፍም የተዘጋው በእኛው በጎንደር ነው። በ1934 ዓ.ም. መግቢያ የኢጣሊያው ጄኔራል ናዚ ጦር በጎንደርና በዙሪያዋ ባሉት ምሽጎች ተከቦ ሲገኝ፣ ለበረራ የሚሆኑት ተዋጊ አውሮፕላኖቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ.ም. ከነዚህ አንዱን ያበርር የነበረው መቶ አለቃ ኢልዴብራንዶ ማላቮልታ በአምባዞ አካባቢ ከደቡብ አፍሪቃ አብራሪዎች ጋር ተዋግቶ ወደቀ። በዚህ የጦር ግንባር አውሮፕላን ከአውሮፕላን የገጠመበት የመጨረሻው ውጊያ ይህ ነው። በማግሥቱ ደቡብ አፍሪቃዊው አሸናፊ በጠላት ሰፈር ላይ እየበረረ ቦምብ ሳይሆን ወረቀት ጣለ፤ በወረቀቱም የሟቹን ጀግንነት አከበረ። ከአንድ ወር በኋላ፣ የቁልቋል በር ምሽግ ከወደቀ በኋላ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ነጻ ወጣች። በድሉም የኢትዮጵያ አርበኞች ከእንግሊዝ ጦር ጎን ተሰልፈው ተካፍለዋል።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ነጻ የወጣች አገር ዳግመኛ ሰማይዋን ባዶ አድርጋ መተው እንደሌለባት ሁሉም ያየበት ጊዜ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም አየር ኃይሉን እንደገና የሚያቋቁም ሰው ሲፈልጉ፣ በክፉ ቀን የመጡትን ሰው አስታወሱ።

ሁለተኛው ጉዞ

ኮሎኔል ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1944 ከጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ዓለም አሁንም በጦርነት ላይ ስለነበረ መንገዱ ረጅምና አደገኛ ነበር። አዲስ አበባ ገብተው ወጣት ኢትዮጵያውያንን በረራና ጥገና ማስተማር ጀመሩ። የቀድሞው ሥራቸው ከሽንፈት ጋር የተያያዘ ቢሆንም፣ ይህኛው ዘር የሚዘራበት ሥራ ነበር።

ይሁን እንጂ የሰውን ታሪክ ስንጽፍ ያማረውን ብቻ መርጠን ማቅረብ አይገባም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መንግሥት ከስዊድን አሠልጣኞችን አመጣ፤ መሪያቸውም ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ነበሩ። እርሳቸውም ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበሩም፤ በ1928 ዓ.ም. ጦርነት የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን እያበረሩ ቁስለኞችን አገልግለዋል። ለአንድ አገር በአንድ ሰማይ የተሠዉ ሁለት ሰዎች ግን በሰላም ጊዜ በሥልጣንና በክብር ሳይስማሙ ቀሩ። ጠቡ እስከ መማታት ደረሰ፤ ሮቢንሰንም ታሰሩ። በዚህም ምክንያት በአየር ኃይሉ ውስጥ የነበራቸው ስፍራ ቀረ። ቁጣቸው ያደረሰባቸው ጉዳት ቀላል አልነበረም።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ተቀይሞ ወደ አገሩ ይመለሳል። በቺካጎ የሚያከብራቸው ሕዝብ ነበራቸው። ኮሎኔል ሮቢንሰን ግን በኢትዮጵያ ቀሩ፤ ማዕረግና ሥልጣን ሳይኖራቸው መብረራቸውንና ማስተማራቸውን ቀጠሉ። አገሪቱን የወደዱት ስለ ሾመቻቸው ብቻ እንዳልነበረ በዚህ ታወቀ። ብዙዎቻችን የምናገለግለው ስፍራችን እስኪነካ ድረስ ነው፤ ስማችን ከዝርዝሩ ሲወጣ እጃችንም አብሮ ይወጣል። የእርሳቸው ግን አልወጣም።

የመጨረሻው በረራ

በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም. ኮሎኔል ሮቢንሰን በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሡ። አብሯቸው የነበረው ሰው ኢጣሊያዊ መሐንዲስ ነበር። አውሮፕላኗ ወደቀች። መሐንዲሱ ሞተ፤ ኮሎኔሉም ክፉኛ ተቃጥለው ሆስፒታል ገቡ። መጋቢት 18 ቀን 1946 ዓ.ም. ዐረፉ፤ አዲስ አበባም ተቀበሩ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ገና ሃምሳ ዓመት ነበር።

ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት የኢጣሊያ አብራሪዎች ሊገድሏቸው በሰማይ ያሳድዷቸው ነበር። በመጨረሻው ቀን ግን በአንድ አውሮፕላን ውስጥ ከጎናቸው የተቀመጠው፣ አንድ ዕጣ የተካፈላቸውም የዚያው አገር ሰው ነበር። ኮሎኔሉ የተዋጉት ወረራን ነበር፤ ወረራው ካለፈ በኋላ ከአንድ ኢጣሊያዊ ጋር ለመሥራት አልከበዳቸውም።

ቮን ሮዘንም በበኩላቸው ኢትዮጵያን አልረሱም። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ በዕርዳታ ሥራ ላይ ሳሉ በጎዴ ተገደሉ፤ እርሳቸውም አዲስ አበባ ተቀበሩ። በሕይወት ሳሉ መስማማት ያቃታቸው ሁለቱ አብራሪዎች ለአንዲት አገር ደክመው በአንዲት ከተማ አፈር ዐረፉ።

የኮሎኔል ሮቢንሰን ስም ከሞታቸው በኋላ ለብዙ ዓመታት ተረስቶ ነበር። በኋለኛው ዘመን ግን የሕይወት ታሪካቸው ተጽፏል፤ በአዲስ አበባም የአሜሪካ ኤምባሲ የንባብ ሥፍራ በስማቸው ሰይሟል። በአሜሪካም የተስኪጊ አብራሪዎች አባት እየተባሉ ይታወሳሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ሆኖም ዋናው መታሰቢያቸው በየቤታችን ልጆቻችን ታሪካቸውን ማወቃቸው ነው።

እንግዲህ፣ ውድ አንባብያን፣ በመንደራችን አርበኞች የተነሡ እንደ ሆነ፣ ተከዜ ላይ የተቃጠሉት፣ ደምበጊና ላይ ታንክ የሰበሩት አባቶች ሲዘከሩ፣ ከባሕር ማዶ የመጡትም እንግዳ አብረው ይዘከሩ። ጽዳት ሠራተኛ ሆነው ትምህርት የቀሰሙ፣ የሚተኩሱት ሳይኖራቸው ከሚተኩሱት መካከል ያለፉ፣ ከሹመታቸው ከወረዱም በኋላ ያላኮረፉ ሰው ነበሩ። ወጣት ልጅ መንገድ ተዘጋብኝ ብሎ ሲያዝን፣ መምህር ሆይ፣ በትምህርት ክፍሉ ጥግ መጥረጊያ ይዘው የቆሙትን ተማሪ ንገረው።